ስለ አጻጻፋችሁ የሠራችሁትን ቪዲዮ እንዴት ታርማላችሁ?

በድርሰት ትምህርት ከሚሰጡ ሥራዎች መካከል ተማሪው አንድ ጽሑፍ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ እንዴት እንደጻፈው በአምስት ደቂቃ ቪዲዮ እንዲያሳይ የሚጠይቀው ሥራ፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉም ይበልጥ ያስተምራል፤ በቀላሉ የሚበላሸውም እሱ ነው። ደሴ ላይ ድርሰት ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት የተመለከትኳቸው የመጀመሪያ ቅንብሮች አብዛኞቹ አንድ መልክ አላቸው። ተማሪው ከካሜራው ፊት ቆሞ ስሙንና ክፍሉን ይናገራል፤ «መጀመሪያ ርእስ መረጥኩ፣ ቀጥሎ አስተዋጽኦ አወጣሁ፣ ከዚያም ረቂቅ ጻፍኩ፣ በመጨረሻም አረምኩ» ይላል፤ በመሃል የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይታያል፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይሰማል፣ በምስጋና ያልቃል። ምስሉ ጥራት ሊኖረው ይችላል። የሚነገረው ግን የመማሪያ መጽሐፉ ስለ አጻጻፍ የሚለው እንጂ በዚያ ሳምንት በተማሪው ደብተር ላይ የሆነው አይደለም።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የመጀመሪያውን ቅንብር ሠርተው ለያዙና ከማስረከባቸው በፊት አንድ ሳምንት ገደማ ለቀራቸው ተማሪዎች ነው። እርምጃዎቹ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ቢሠሩ ይሻላል። ድምፁንና የግርጌ ጽሑፉን አስቀድሞ ያሳመረ ሰው በኋላ ያንኑ ክፍል በሙሉ ቆርጦ መጣል ሲኖርበት ይሳሳለታል፤ ስለዚህም የማይረባውን ክፍል የደከመበት በመሆኑ ብቻ ያስቀረዋል። ከሐሳቡ ጀምራችሁ ወደ ማሳመሩ ውረዱ።

1. ቪዲዮውን ወደ ወረቀት መልሱት

ቪዲዮውን ቀጣጥላችሁ በጨረሳችሁበት ዕለት ለማረም አትሞክሩ፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋችሁ፣ እጃችሁን ሳታስነኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ተመልከቱት። ከዚያ ድምፁን ዘግታችሁ ምስሉን ብቻ እዩ፤ ለጥቃችሁም ስልኩን በፊቱ ደፍታችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ። ድምፁ ተዘግቶ ሲታይ ስለ መጻፍ መሆኑ የማይታወቅ ቪዲዮ ማስረጃ ጎድሎታል ማለት ነው። ምስሉ ተሸፍኖ ሲሰማ ምንም የማይጎድለው ከሆነ ደግሞ ምስሉ በድምፁ ላይ የተለጠፈ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ከደብተራችሁ አንድ ገጽ በአራት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ዓምድ ደቂቃውንና ሰከንዱን፣ በሁለተኛው የሚታየውን፣ በሦስተኛው የሚነገረውን ቃል በቃል፣ በአራተኛው ያ ክፍል ለተመልካቹ ምን እንደሚያስረዳው ጻፉ። አስቸጋሪው አራተኛው ዓምድ ነው። «ውበት ይሰጣል» ወይም «መግቢያ ነው» የሚል መልስ አይበቃም፤ «ሁለተኛውን አንቀጽ ለምን እንደጣልኩት ያሳያል» የሚል መልስ ይበቃል። መልስ ያላገኛችሁለትን ቦታ ባዶውን ተዉት። የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ በዚህ መንገድ ለመገልበጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ብዙ ተማሪዎች ይህን እርምጃ መዝለል ይፈልጋሉ። እኔ ሰንጠረዡን ካልያዘ ተማሪ ጋር ስለ ቅንብሩ መነጋገር ትቻለሁ፤ ሁለታችንም በትዝታ ስለምንናገር እሱ ያላለውን እንዳለ ይምላል፣ እኔም ያላየሁትን እንዳየሁ እከራከራለሁ።

2. ቪዲዮው የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ሰንጠረዡን ከፊታችሁ አስቀምጣችሁ «እኔ ስጽፍ» ብሎ የሚጀምርና ከእናንተ በቀር ለሌላ ሰው የማይሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «እኔ ስጽፍ መጀመሪያ አስባለሁ፣ ከዚያ እጽፋለሁ» የሚለው ለማንም ይሆናል። «እኔ ስጽፍ ምን ለማለት እንደፈለግኩ የማውቀው መግቢያውን ሦስት ጊዜ ከሰረዝኩ በኋላ ነው» የሚለው ግን የአንድ ሰው ነው፤ ከተባለም በኋላ ተመልካቹ ሦስቱን ስርዞች ማየት ይፈልጋል።

የመጻፍን ሂደት ያጠኑ ሰዎችም ከመማሪያ መጽሐፉ ተራ የተለየ ነገር ነው ያገኙት። ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጸሐፊዎች እየጻፉ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አድርገው ካጠኑ በኋላ፣ ማቀድ፣ መጻፍና መከለስ ተራ ጠብቀው እንደማይመጡ፣ ይልቁንም እየተመላለሱ አንዱ በሌላው ውስጥ እንደሚገባ በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጽሑፍ አስረድተዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ናንሲ ሶመርስ የተባለች ተመራማሪ 20 የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ልምድ ካላቸው 20 ጸሐፊዎች ጋር አነጻጽራ ነበር። ተማሪዎቹ ማረም ማለት አንዱን ቃል በሌላ መተካት ሲመስላቸው፣ ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች ግን እያረሙ የሐሳባቸውን ቅርጽ ይፈልጉ ነበር። ቪዲዮ ሲታረምም ያው ነው። የቀለም ማጣሪያ መቀየር፣ የፊደል ዓይነት መለወጥ፣ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው መሸጋገሪያውን ማስጌጥ አንዱን ቃል በሌላ እንደ መተካት ነው፤ ሐሳቡ ባለበት ይቀራል።

ከኮምቦልቻ እየተመላለሰች ደሴ የምትማር አንዲት ተማሪ የሠራችው ሥራ ነገሩን ጥሩ አድርጎ ስለሚያሳይ ደጋግሜ እመለስበታለሁ። ድርሰቷ ጠዋት ጠዋት ስለምትሳፈርበት ሚኒባስ ረዳት ነበር። ስለ ድርሰቱ አጻጻፍ የሠራችው የመጀመሪያ ቅንብር ግን ጠረጴዛ፣ መጽሐፍ፣ እስክሪብቶ፣ በጥንቃቄ ተገልብጦ የተጻፈ ንጹሕ ወረቀት ብቻ ነበረው። ስንነጋገር ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ እጇ ስለሚናወጥ መጻፍ እንደማትችልና ያሰበችውን በስልኳ በድምፅ እንደምትቀዳ በነገር መሃል አነሳችልኝ። ለምን ቪዲዮው ውስጥ እንዳላስገባችው ስጠይቃት «ያ እኮ መጻፍ አይደለም» አለችኝ። ያንኑ ቀን ማታ ዓረፍተ ነገሯን ቀየረችው፦ «እኔ ስጽፍ መጀመሪያ የምጽፈው በአፌ ነው፤ ወረቀቱ የሚመጣው ሐረጎን ከወጣን በኋላ ነው።» ከዚህ በኋላ የትኛው ምስል እንደሚቀርና የትኛው እንደሚገባ ለማንም የሚያከራክር አልነበረም።

3. ማስረጃችሁን ሰብስቡ፤ ስርዝ ድልዙን አትደብቁ

ዓረፍተ ነገሩ ከተገኘ በኋላ የሚያሳየውን ነገር ፈልጉ። ደብተራችሁን፣ በመጽሐፍ ጀርባ የጫራችሁትን፣ በስልክ የቀዳችሁትን ድምፅ፣ በቴሌግራም ለራሳችሁ የላካችሁትን መልእክት፣ ጓደኛችሁ በእስክሪብቶ አስተያየት የጻፈበትን ወረቀት አንድ ቦታ አምጡ። በጉግል ዶክስ የጻፈ ሰው የጽሑፉን የቀድሞ ቅጂዎች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው መልሶ መክፈት ስለሚችል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ስክሪኑን ቀድቶ ማቅረብ ይችላል። ሁሉንም በቀን በቀን ደርድሩት። እዚህ ላይ የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ጽሑፉ የታጠፈበትን ቦታ፣ ማለትም ከዚያ በፊት አንድ ነገር ሆኖ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር የሆነበትን ገጽ።

በተማሪዋ ደብተር ውስጥ ያ ገጽ ሦስተኛው ነበር። ከላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የትራንስፖርት ችግር በከተማችን» የሚል ርእስ አለ፤ በሁለት መስመር ተሰርዟል። ከሥሩ አራት መስመር ተጽፎ በላዩ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰምሮበታል። በኅዳጉ፣ ደብተሩ ዞሮ በእርሳስ፣ ፊደሎቹ ወደ ላይ እየሮጡ፣ «ረዳቱ ብሩን ሳያይ ይቆጥራል» ተብሏል። ድርሰቱ የተወለደው በዚያ ኅዳግ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቅንብር ይህ ገጽ አልታየም፤ ቆሻሻ ስለመሰላት ገልብጣ የጻፈችውን ነበር የቀረጸችው። ተማሪዎቻችን ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብተር ይዘው ሲገኙ ቁጣ እየወረደባቸው ስላደጉ እንደ ነውር ቢያዩት አልፈርድባቸውም፤ ለዚህ ሥራ ግን ከዚያ ገጽ የሚበልጥ ሀብት የላቸውም።

ገጹን ስትቀርጹ ሙሉውን ለማሳየት አትጓጉ። ሙሉ የደብተር ገጽ በስልክ ስክሪን ላይ አይነበብም፤ ሦስት ወይም አራት መስመር ስክሪኑን እስኪሞላ ድረስ ቅረቡ። ደብተሩን መስኮት አጠገብ ዘርጉትና ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን እስክሪብቶው ወረቀቱን የጫነበትንና እርሳስ በላጲስ ተፍቆ የጠፋበትን ጭምር ያወጣል። ቀጥተኛ ፀሐይ ወረቀቱን ስለሚያነጣው ደመናማ ወይም ጉም ያለበት ጠዋት ይመረጣል፤ ደሴ በዚህ በኩል አይነፍጋችሁም። ስልኩን በእጅ ከመያዝ ይልቅ በሁለት የመጻሕፍት ክምር መካከል አግድም አስቀምጣችሁ ወደ ታች ቅረጹ። ምስሉ የሚቆይበትን ጊዜ በግምት አትወስኑ፤ የሚታየውን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ ሁለት ጊዜ እስክታነቡት ድረስ ይቆይ። እናንተ ጽሑፉን ስለምታውቁት አጭር ጊዜ የበቃ ይመስላችኋል፤ ተመልካቹ ግን የእጅ ጽሑፋችሁን ሲያይ የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

ረቂቁን የጣላችሁ ከሆነ አዲስ ስርዝ ድልዝ ሠርታችሁ የዚያን ጊዜው አስመስላችሁ አታቅርቡ። ይህ ሥራ የሚመዘነው በእውነተኛነቱ ነው። ያለፈውን ለማሳየት እንደገና መቀረጽ ያለበት ነገር ካለ በምስሉ ግርጌ «ይህ ክፍል በኋላ የተቀረጸ ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ ረቂቁ መጣሉንም በትረካው ውስጥ ተናገሩ። በገጹ ላይ የሌላ ሰው ስም ወይም ስልክ ቁጥር ካለ በብጣሽ ወረቀት ሸፍኑት።

4. ቅደም ተከተሉን በብጣሽ ወረቀት ደርድሩ

ከሰንጠረዡ ላይ እያንዳንዱን ክፍል በአንድ ብጣሽ ወረቀት ጻፉና ወለሉ ላይ ዘርጉት። አራተኛው ዓምድ ባዶ የሆነባቸውን መጀመሪያ አንሱ። ከዚያ የታጠፈበትን ገጽ መሃል ላይ አስቀምጡና ተመልካቹ እሱን ለመረዳት ከዚያ በፊት ምን ማወቅ እንዳለበት፣ ከዚያ በኋላስ ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠይቁ። ከአምስት ደቂቃው ቢያንስ ሁለቱን ለዚህ ገጽና ለዙሪያው ስጡ። ርእስ የመረጣችሁበት ምክንያት ሃያ ሰከንድ ቢያገኝ ይበቃዋል።

መጀመሪያውን በተመለከተ፣ «ስሜ እገሌ እባላለሁ» የሚለውን ቆርጣችሁ ስማችሁን በግርጌ ለአራት ሰከንድ አሳዩ። ቪዲዮው በችግሩ ይጀምር፦ በተሰረዘው ርእስ፣ ወይም በዳገቱ ላይ በተቀዳው የሚቆራረጥ ድምፅ።

የጦሳን፣ የአዝዋ ገደልን፣ የፒያሳን ወይም የቦርከናን ምስል በተመለከተ ጥብቅ መሆን አለባችሁ። ጠዋት ጉሙ ከጦሳ አናት ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ ማየት እኔንም አይሰለቸኝም፤ እዚህ ያደገ ሰው ካሜራ ሲይዝ ወደዚያ ቢያዞር አይገርምም። ጥያቄው ያ ቦታ በጽሑፉ መወለድ ውስጥ ድርሻ አለው ወይ የሚለው ነው። ሙጋድ ካለው ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የጻፈ ሰው በረንዳውን ያሳይ። የሐረጎ መንገድ በተማሪዋ ቪዲዮ ውስጥ መቅረት አልነበረበትም፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ሽቅብ የሚያስወጣው ያ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የመጻፊያ ጠረጴዛዋ ነበርና። ከተማ ለማስተዋወቅ ብቻ የገባ ምስል ግን የሌላ ቪዲዮ ነው።

5. ትረካውን ለጆሮ እንደገና ጻፉ

ተማሪዎች ለድርሰት የለመዱትን የጽሑፍ አማርኛ ለትረካም ይጠቀሙበታል። «በመቀጠልም በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የተለያዩ ማሻሻያዎች እንዲደረጉ ተደርጓል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማን ምን እንዳደረገ አይናገርም። ተማሪዋ እንዲህ ለውጣዋለች፦ «መግቢያውን ሰረዝኩት። ስለ ትራንስፖርት ችግር የጻፍኩት ሁሉ ከሬዲዮ የሰማሁት ነበር።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የመሰረዟ ምክንያት አለ፤ ለመምህሩም ዋናው እሱ ነው። በሰንጠረዣችሁ ሦስተኛ ዓምድ ውስጥ «ተደርጓል»፣ «ተከናውኗል»፣ «እንዲሆን ተደርጓል» የሚሉትን አስምሩባቸውና እያንዳንዱን «እኔ» በሚል ባለቤት መልሳችሁ ጻፉ። ሌላ ሰው ያደረገው ከሆነም ጓደኛችሁ ወይም መምህራችሁ መሆኑን ተናገሩ።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ለቅንብር ትልቅ ጉዳይ ነው። «በሁለተኛው ቀን ማታ ከወንድሜ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ ሦስተኛውን አንቀጽ» እስኪባል ድረስ ተመልካቹ አንቀጹ ይጻፍ፣ ይሰረዝ፣ ይለወጥ አያውቅም፤ የሚያውቀው «ጣልኩት» ሲባል ነው። ስለዚህ የተሰረዘው ገጽ ምስል ከግሡ ጋር አብሮ ይምጣ። ቀድሞ ከመጣ ዓይኑ ወሬውን ይጨርስና የቀረው ንግግር ትርፍ ይሆናል፤ ዘግይቶ ከመጣ ጆሮው ካለፈ በኋላ ያሳያል። ለዚህም ሲባል የትረካ ዓረፍተ ነገሮች አጭር ይሁኑ። የጻፋችሁትን በሰዓት መቁጠሪያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ በአንድ ትንፋሽ የማያልቅ ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ለሁለት ክፈሉት።

የወሎ አነጋገራችሁን ለመደበቅ አትድከሙ። የዜና አንባቢ ድምፅ ለማምጣት ሲሞክር የሚሰማ ተማሪ ስለ ራሱ ሥራ እየተናገረ እንደሆነ አይታመንለትም። ስለ ገዛ ደብተራችሁ ስትናገሩ ለእኅታችሁ በምትነግሯት ድምፅ ተናገሩ።

6. ድምፁን አጽዱ

የደበዘዘ ምስል ተመልካች ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥም። ትረካውን ከምስሉ ለይታችሁ እንደገና ቅዱት። ከባጃጅ ጡሩምባ ራቅ ያለ ክፍል፣ ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት፣ መስኮቱ የተዘጋ ይሁን። ባዶ ክፍል ድምፅ ያስተጋባል፤ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከፊታችሁና ከኋላችሁ ብትሰቅሉ ይቀንሳል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መቅዳት ስለማይቻል ሥራውን ለጠዋት አቆዩት። የኢርፎን ማይክ ካላችሁ ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ፣ ከአንገትጌያችሁ ጋር እንዳይፋተግ አድርጋችሁ ያዙት። ከመናገራችሁ በፊት አሥር ሰከንድ ዝም ብላችሁ የክፍሉን ጸጥታ ቅዱ፤ በኋላ በሁለት ንግግር መካከል የሚፈጠረውን ክፍተት በእሱ ትሞላላችሁ፤ ፍጹም ዝምታ ከገባበት ግን ድምፁ የተቆረጠ ይመስላል።

በቦታው የተቀዳውን ድምፅ ሁሉ አትጣሉ። በሚኒባሱ ውስጥ የተቀዳው የተማሪዋ ድምፅ የሞተሩ ጩኸት፣ የረዳቱ ጥሪና የሌሎች ተሳፋሪዎች ወሬ ነበረበት፤ ትረካ ሆኖ ቢቀርብ አይሰማም፣ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ግን ያ ጩኸት ራሱ የሚናገረው አለ። አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል እንዳለ አስገብታ የምትለውን በግርጌ ጻፈችው።

ሙዚቃን በሚመለከት ምክሬ ከትረካው ሥር እንዲወጣ ነው። አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ቦታዎች በመሆኑ ተማሪዎቻችን ወደዚያ ቢሳቡ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ክራር ከንግግር ሥር ሲገባ ሰሚው ስሜቱን ከሙዚቃው ይወስድና የተማሪውን ምክንያት ይዘነጋዋል። የግድ ከፈለጋችሁ በመጨረሻ ስማችሁ ሲወጣ ይግባ፤ እሱም ጓደኛችሁ ራሱ የተጫወተውና የፈቀደላችሁ ይሁን።

7. ብርሃኑንና ምስሉን አስተካክሉ

ክፍል ውስጥ በረጅሙ ነጭ አምፖል ሥር የተቀረጸ ምስል ላይ ጥቁር መስመር ሲንሸራሸር ወይም ብርሃኑ ሲርገበገብ ካያችሁ ስልኩ አልተበላሸም። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ዙር ስለሚመላለስ አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛልም፤ የስልኩ ካሜራ ከዚህ ጋር ካልተስማማ መርገብገቡ ይታያል። ስልካችሁ የሚፈቅድ ከሆነ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100፣ የፍሬሙን ቁጥር በሴኮንድ 25 አድርጉ። የማይፈቅድ ከሆነ አምፖሉን አጥፍታችሁ በመስኮት ብርሃን ቅረጹ። ስልኩ አግድም ይያዝ፤ ከዚህ ያለፈ ማሳመር ጊዜ ከተረፋችሁ ብቻ ይሁን።

8. የግርጌ ጽሑፉን እንደ ድርሰት አርሙት

ስለ አጻጻፍ በሚናገር ቪዲዮ ላይ የፊደል ግድፈት መታየት የለበትም። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ሐሳብ» እና «ሀሳብ»፣ «ጸሐፊ» እና «ፀሐፊ» እያፈራረቃችሁ አትጻፉ፤ የመረጣችሁትን አጻጻፍ በወረቀት ላይ ዘርዝራችሁ እስከ መጨረሻው ጠብቁት። ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት አራት ነጥብ አታስመስሉ፤ ራሱን «።» ተጠቀሙ። ጽሑፉ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ አንዱ ሐረግ ለሁለት መስመር ሲከፈልም ቅጽሉ ከስሙ አይለይ።

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት በተለመዱት የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ወደ ካፕካት ወይም ወደ ሌላ የማቀናበሪያ መተግበሪያ ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ስለሚመጣ እንደገና መተየብ ያስፈልጋል። በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ከታየ የተመረጠው ፎንት አማርኛ የለውም ማለት ነው፤ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የተባሉትን አስገቡ። ቀጭን ፊደል በትንሽ ስክሪን ላይ «ለ»ን ከ«ሉ» ስለማያስለይ ወፍራሙን ምረጡ።

9. ለሁለት ሰው አሳዩ፣ ጥያቄያችሁንም አዘጋጁ

አንዱ ድርሰቱን ያነበበ የክፍል ጓደኛ፣ ሌላው ስለ ሥራው ምንም የማያውቅ የቤተሰብ ሰው ይሁን። «አማረ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሚወዳችሁ ሰው አዎ ከማለት ሌላ መልስ የለውም። «ምን ለወጥኩ? ለምን የለወጥኩ መሰለህ?» ብላችሁ ጠይቁና የመለሰላችሁን ቃል በቃል ጻፉ። መልሱ በሁለተኛው እርምጃ ከጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር ጋር ካልተቀራረበ ቪዲዮው ገና አልተናገረም። እያዩ ሳሉ አታስረዷቸው፤ ማስረዳት የፈለጋችሁበትን ሰከንድ ብቻ መዝግቡ፤ ማስተካከል ያለባችሁ ያንን ቦታ ነው።

ተማሪዋ ለእናቷ ያሳየቻት ቡና እየተፈላ፣ በአቦልና በቶና መካከል ነበር። እናቷ ስልኩን ተቀብለው ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ «ይኼን ሁሉ ጽፈሽ ለምን ሰረዝሽው ልጄ?» አሉ። እሷም መልስ ሰጠቻቸው፤ በትረካዋ ከጻፈችው ይልቅ ያጠረና የጠራ መልስ ነበር። በማግስቱ የትረካውን ያንን ክፍል ጥላ ለእናቷ የመለሰችውን እንዳለ ቀዳችው፤ ጥያቄውንም እናቷን አስፈቅዳ የቪዲዮው መክፈቻ አደረገችው። ቤት ውስጥ የሚነሳላችሁ ጥያቄ ከእኔ ከመምህራችሁ ጥያቄ ሊሻል እንደሚችል ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ እየጻፋችሁ ስሙ።

ከሁለቱ ሰዎች የሰበሰባችሁትን ሁሉ ለመፈጸም አትሞክሩ። ሁለቱም በአንድ ቦታ ከተደናገሩ አስተካክሉ፤ አንዱ ብቻ ያነሳውን ከዓረፍተ ነገራችሁ ጋር አስተያዩና ወስኑ።

10. አውጥታችሁ አስረክቡ

የመጨረሻውን ፋይል ከማስረከቢያው ዕለት በፊት ባለው ቀን አውጡ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልኩ ወይም ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው። ኤምፒ ፎር የተባለውን ዓይነትና 1080 የምስል ጥራት ምረጡ፤ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ያህል ከሆነ አምስት ደቂቃው 300 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት። እንደ ቪዲዮ ሲላክ መተግበሪያው ስለሚጨምቀው በጥንቃቄ የቀረጻችሁት የእርሳስ ጽሑፍ ሊደበዝዝ ይችላል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ እንዳለ ያደርሰዋል። ኔትወርኩ ካስቸገረ በፍላሽ ውሰዱት፤ በማስረከቢያው ኮምፒውተር ላይም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መከፈቱን እዚያው ሆናችሁ አረጋግጡ።

የፋይሉን ስም ከስማችሁ፣ ከክፍላችሁና ከቀኑ አውጡት፤ «የመጨረሻ አዲስ 2» የሚል ስም የትኛው እንደሆነ ለእናንተም ይጠፋችኋል። ከቪዲዮው ጋር የአራት ዓምዱን ሰንጠረዥ፣ አሮጌውንና አዲሱን ዓረፍተ ነገር፣ የጣላችኋቸውን ክፍሎች ከነምክንያታቸው የያዘ አንድ ገጽ አያይዙ። የመጀመሪያውን ቅንብርና ያልተቆረጠውን ቀረጻ ውጤታችሁ እስኪመለስ ድረስ አታጥፉ፤ ደብተሩንም ከነስርዝ ድልዙ አስቀምጡት።